ጨው ያወጣው ግድግዳ

ሐኪሟ ወረቀቱን የሰጠችኝ የኦክስጅኑ ጭንብል ገና ከፊቴ ሳይነሣ ነው። በዚያ የዝናብ ወቅት ደረቴ ተዘግቶ ሆስፒታል ስገባ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ወረቀቱ አናት ላይ በትልልቅ ፊደላት «ቤትዎን ያሻሽሉ፤ ልማድዎን ያስተካክሉ፤ ጤናዎን ይጠብቁ» ይላል። ከሥሩ ዐሥር ምክሮች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው «ቤትዎን ከእርጥበት ነፃ ያድርጉ» ነው። ሁለተኛው «መድኃኒትዎን በየቀኑ ይውሰዱ»። የመጨረሻው «አይበሳጩ»።

አይበሳጩ! የጻፈውን ሰው አድራሻ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እበሳጭበት ነበር። እርጥበት እንግዳ ነው እንዴ፣ «በል እንግዲህ፣ መሸብህ» ተብሎ የሚሸኝ? ወረቀቱ ውሸት ቢኖርበት ደስ ባለኝ፤ አንድ በአንድ አፈርሰው ነበር። ግን ሁሉም እውነት ነው። እንዴት እንደሚደረግ ሳይነግር የሚቀር እውነተኛ ምክር ደግሞ ለራበው ሰው የምግብ ስም ዝርዝር እንደማንበብ ነው።

«የመኝታ ክፍልዎ ግድግዳ ይረጥባል?» አለችኝ ሐኪሟ። ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ ያሰረች ወጣት ናት።

«በየዓመቱ።»

«የሚጠግን ሰው አላገኙም?»

«ባለቤቴ ለሳኝ ነው።»

እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ?»

«በየዓመቱ ይለስነዋል።»

ልትስቅ ዳድቷት ተወችው። «እናቴ፣ እኔ ሳንባ እንጂ ግድግዳ አላውቅም። ግን ያ ግድግዳ እስኪደርቅ እዚያ ቤት እንዳያድሩ። አራተኛ ጊዜ ሲመጡ በእግርዎ ላይመጡ ይችላሉ።»

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜም መልስ አለኝ። መልስ ለመስጠት ግን አየር ያስፈልጋል።

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ጄሶ» ይለዋል። ግድግዳ የሚለሰልስበት ነጭ ዱቄት ከቅንድቡ ስለማይጠፋ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ግድግዳ ለስኗል። ሥራውን በመዳፋቸው የዳበሱ ሰዎች «ይኼ ሲሚንቶ ነው ወይስ ወረቀት?» ይሉታል። ወደ ራሳችን ቤት ሲመጡ ግን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለኛ ነው። ዝናብ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ በመኝታ ቤታችን የውጭ ግድግዳ፣ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ይጠቁራል። ከዚያ ያብጣል። ከዚያ በጣት ሲነኩት የሚበን ነጭ ጨው ያወጣል። ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ይነጠፋል። ዝናቡ ሲያበቃ ጄሶ ይፍቀዋል፣ ይለስነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል። እኔም አዲስ መጋረጃ እሰቅላለሁ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። ቤታችን ከወጥ ቤቷ ሌላ ሁለት ክፍል ብቻ ናት፤ አንደኛው ሲያስነጥስ ሌላኛው «ይማርህ» ይላል። እንግዲህ ሸሽቼ የምተኛበት ጥግ የለኝም።

ከሆስፒታል በተመለስኩበት ቀን ቦርሳዬን አዘጋጀሁ።

«እህቴ ቤት እሄዳለሁ። ግድግዳው ሲደርቅ እመጣለሁ፤ ካልደረቀ አልመጣም።»

«እሺ» አለ ጄሶ።

«ሲደርቅ ስልህ፣ ሲቀባ ማለቴ አይደለም።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ? ሃያ ስምንት ዓመት ኖረን ቦርሳ ይዤ ስወጣ እሺ ብቻ?»

«ምን ልበል? ክቡር ፍርድ ቤቱ ወስኗል» አለና ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኘኝ። ጄሶ ማለት ይህ ነው። ጠብ ብትፈልግበት አታገኝም። ብትገፋው ዕቃህን ይይዝልሃል።

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ሥርዓቷም ለብቻዋ ነው። ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። በረንዳው ላይ ገመድ ትዘላለች፤ መቶ ሲሞላ ታቆማለች፤ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ብትወድቅ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች። አልጋዋን እንደ ደብዳቤ ፖስታ ታጥፈዋለች። ከዚያ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ እስከ ማታ ትሰፋለች፤ ከወንበሯ የምትነሣው አንገቷን ለማፍታታት ብቻ ነው። አስቀናችኝ፤ ስለዚህም አበሳጨችኝ።

እኔ በዚያ ቤት መቀመጫ አጣሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ከክረምት ትምህርቱ እመለሳለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የሰው ምንጣፍ ላይ የሰው ጫማ መስዬ እንከራተታለሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ትራሴን እንኳ የት እንደማስቀምጥ አላውቅም ነበር። ቤቴን ፈለግሁ፤ የበሬን ጩኸት፣ የወንበሬን መዛነፍ፣ ጄሶ ሲገባ ጫማውን ግድግዳ ላይ የሚያራግፍበትን፣ እኔም በዚያ የምቆጣበትን። አንድ ቀን እጄ ሥራ ቢያጣ የእህቴን የክር መደርደሪያ አወረድኩና ክሮቹን በቀለም አስተካከልኩ። ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ።

«እትዬ፣ ክሬን ማን ነካካው?»

«በቀለም አደረግሁልሽ። በቀለም ይሻላል፤ ምክንያቱም…»

«በውፍረት ነበር ያስቀመጥኩት።»

«ስሚኝ እንጂ፤ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ…»

«ሦስት ምክንያት ልትነግሪኝ ነው አይደል? እኔ አንድ ብቻ አለኝ፤ ክሩ የእኔ ነው።»

ሦስት ሳይሆን አራት ነበሩኝ። ሁሉንም ነገርኳት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ክሮቹ በውፍረት ተደርድረው ጠበቁኝ፤ እሷ ግን ስለ ክር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በአፍ የሚነፋ መድኃኒቴን፣ ፓፍ የምንለውን፣ ይዛ ነበር የጠበቀችኝ። ሁለት ዓይነት አለኝ። ሰማያዊው ደረቴ ሲዘጋ የምነፋው ነው። ቡናማው ቢያመኝም ባያመኝም ጠዋትና ማታ መወሰድ ያለበት ነው። በቡናማው ጀርባ የቀረውን መጠን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው።

«መቶ ሃያ ነው የሚይዘው። መቶ ዐሥራ ስድስት ይላል» አለች። «ከተሰጠሽ ሦስት ወር ሆነው። አራት ጊዜ፣ እትዬ?»

«ሳያመኝ ለምን እወስዳለሁ?»

«ተማሪዎችሽ በፈተና ዋዜማ ብቻ ሲያጠኑ ምንድን ነው የምትያቸው?»

ምን እንደምላቸው ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር በየዓመቱ የምጮኸው «በየቀኑ አጥኑ» እያልኩ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት እሷ ገመድ ስትዘል እኔ በረንዳው ጥግ ቆሜ ቡናማውን እነፋለሁ። ለመስማማት ስል ግን አይደለም፤ መቶ ዐሥራ ስድስት የምትለዋን ቁጥር ማየት ስላንገሸገሸኝ ነው።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ጄሶ ደወለ።

«ጨርሻለሁ። ነይና እዪው።»

ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ጎን ቆመ፤ ሥራውን ለባለቤቱ የሚያስረክብ ባለሙያ አቋቋም ነው። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ፍቆ፣ ውሃ አያሳልፍም በሚባለው ሲሚንቶ ለስኖ፣ በጄሶ አለስልሶ፣ ዕንቁላል የመሰለ ነጭ ቀብቶታል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሮታል። መጋረጃውን አጥቦ ሰቅሎታል። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፤ ጨርቅ ነው የሚመስለው።

«ደርቋል?»

«ንኪው እንጂ።»

«ነክቼዋለሁ። ደርቋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ላዩ ደርቋል» አለ። እውነት ለመናገር ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ፤ «ላዩ» ያለውን። ግን ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። የፈለገ ሰው ደግሞ የሚሰማው የፈለገውን ነው። ያኔውኑ ሄጄ ቦርሳዬን ይዤ ተመለስኩ። እህቴ በር ላይ ቆማ «ቡናማው ቦርሳሽ ውስጥ አለ?» አለችኝ፤ እኔም «እናቴ ነሽ?» አልኳት።

አራት ቀን በደስታ ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ዝናብ ጣለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አሁንም እየጣለ ነበር፤ ጄሶ በዝናቡ ምክንያት ሥራ አቋርጦ ቤት ገብቷል፤ ልብስ ይተኩሳል። ጃንጥላዬን አስቀምጬ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ገባሁ። አልጋውን ሳብ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በዚያ ዕንቁላል በመሰለ ነጭ ላይ፣ የእርጥበት መስመር ተሠምሯል። በጣቴ ነካሁት። በነነ። ጨው ነው።

«ና!» አልኩ።

መጣ። አየ።

«ይኸው! ዐሥራ ሰባት ቀን የሰው ቤት ተሰድጄ ያገኘሁት ይኸው! ሠላሳ ዓመት የሰው ግድግዳ ስትለስን አንዲት ግድግዳ አቃተችህ? ወይስ እኔ ደንበኛ ስላልሆንኩ ነው? ላዩ ደርቋል ይለኛል ደግሞ! ላዩን ማን ጠየቀህ?»

«ቀስ በይ፣ ደረትሽ…»

«ደረቴን ተወው! መልስ ስጠኝ!»

የሚለስነውን ግድግዳ የሚያይ ይመስል እኔን አየኝ። የጄሶ ዝምታ ከስድብ የከፋ ነው፤ ስድብን መመለስ ይቻላል። ክፍሉ ጠበበኝ፤ የቀለሙ ሽታ፣ የእርጥበቱ ሽታ፣ የካውያው ትኩሳት ተደማምረው አፈኑኝ። በሩን ከፍቼ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ በዝናብ መካከል ቆምኩ።

ግቢያችን ጠባብ ናት። ከግቢው በር እስከ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ድረስ ሊሾ ነው፤ ጄሶ በእጁ ያለሰለሰው ሲሚንቶ። ከግድግዳው ሥር ብቻ አንድ ክንድ የሚሆን አፈር ተትቷል፤ በዚያ ላይ የእኔ ጽጌረዳዎች ተተክለዋል። ስድስት ናቸው፤ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃቸው፣ መስኮት የሚደርሱ። ንዴቴን ለማብረድ መሬት መሬቱን ሳይ፣ ውሃው በጫማዬ መካከል ሲያልፍ አየሁ። ከበሩ ተነሥቶ፣ በሊሾው ላይ እየተንሸራተተ፣ በጽጌረዳዎቹ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ተጠግቼ አየሁት። አፈሩ ጠግቧል። ከአፈሩ በላይ የተረፈው ውሃ የግድግዳውን እግር እየላሰ ቆሟል።

ሰባት ዓመት በዚህች ግቢ ተመላልሻለሁ። ዝናብ ሲጥል ግን ጃንጥላ ይዤ ወደ ቤት እሮጣለሁ እንጂ ቆሜ አላየሁም።

«ውሃው ወደ ቤት ነው የሚሄደው!» ብዬ ጮህኩ።

ጄሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አዎ» አለ።

«አዎ? ታውቃለህ?»

«ለሳኝ ነኝ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠራሁት ቀን ጀምሮ።»

ዝናቡ በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። «እና ለምን እንደዚህ ሠራኸው?»

«አንቺ አልሽኛ።»

ልክደው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም ትዝ አለኝ። ሊሾው ሲሠራ ጄሶ ወደ በሩ ዘንበል ሊያደርገው ነበር፤ ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወጣ። እኔ ደግሞ ጽጌረዳ ልተክል ነበር። «ይኼን ያህል ውሃ መንገድ ላይ ከሚፈስ አበቦቼን ያጠጣልኝ» አልኩ። ተከራከርን፤ ማለትም እኔ ተከራከርኩ። ማሸነፌን በማግስቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንደ ቀልድ አውርቼዋለሁ፤ «ለሳኝን በልስን ረታሁት» ብዬ። የሥነ ሕይወት አስተማሪዋ እስክታነባ ሳቀች።

«አንዴ ነግሬሽ ነበር» አለ ጄሶ። «ውሃን ከቤት ያርቁታል እንጂ ወደ ቤት አይጠሩትም አልኩሽ። አንቺ አፈር ውሃ እንዴት እንደሚመጥ፣ ሥር እንዴት እንደሚጠጣ፣ ፀሐይ እንዴት እንደሚያተን ነገርሽኝ። በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሣልሽልኝ። ቀስት ሳይቀር።»

«ሁለተኛ አትነግረኝም ነበር?»

«አንቺን ሁለተኛ ከመከራከር ግድግዳ በየዓመቱ መለሰን ይቀለኛል።»

ሊያቆስለኝ ብሎ አልነበረም የተናገረው። የሥራ ግምት ሲጠየቅ እንደሚናገረው ነው፤ ይህን ያህል አሸዋ፣ ይህን ያህል ቀን። በልቡ አስልቶ፣ አመዛዝኖ፣ ርካሹን መርጦ ኖሯል። በየዓመቱ ያን ግድግዳ ሲፍቅ፣ ሲለስን፣ ሲቀባ የኖረው የምላሴ ግብር ነበር።

«ዝም አይነቅዝም ብለህ ነዋ!» አልኩ፤ እየጮህኩ። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይኸው ግድግዳው ነቀዘ! ደረቴ ነቀዘ! ሳንባዬን እየበላው ዝም አልክ?»

«እኔስ?» አለ። ድምፁ ከፍ ሲል ከሰማሁ ዓመታት ሆኖኛል። «ስትታፈኚ ጀርባሽን ደግፎ የሚቀመጠው ማን ነው? ትንፋሽሽን የሚቆጥረው ማን ነው? አንቺ ብቻ የታመምሽ ይመስልሻል? ፈራሁ! ውሃው ይሆናል ብዬ ልነግርሽ ሦስቴ አራቴ ተነሣሁ። ‹ምን ማስረጃ አለህ› ትለኛለች አልኩ። ‹ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ› ትለኛለች አልኩ። በቆየሁ ቁጥር ጥያቄሽ ባሰ።»

የሚገባውን መልስ ልሰጠው ስል ደረቴ ዘጋ። መጀመሪያ ፉጨት፣ ከዚያ ጉሮሮዬን በገመድ የማጥበቅ ያህል። ጄሶ ከበሩ ዘሎ ያዘኝ፤ ወደ ፊተኛው ክፍል አስገብቶ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ሰማያዊውን ፓፍ ከቦርሳዬ አውጥቶ አፌ ላይ አደረገው። አንዴ። ሁለቴ። እርጥብ ልብሴን በፎጣ ሲያደርቅ ፊቴን አላየም።

መናገር አልቻልኩም። እሱ ደግሞ ይህን አወቀ መሰለኝ፣ መናገር ጀመረ። በሃያ ስምንት ዓመት ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ሊሾው መፈንቀል አለበት፤ ሙሉውን። ጽጌረዳው ይነቀላል፤ ሥሩም መሠረቱን እየቦረቦረው ነው። አፈሩ ይወጣል፣ መሠረቱ ይጋለጣል፣ ለፀሐይ ይሰጣል። ከዚያ ወደ በሩ ዘንበል አድርጌ ከነቦዩ እሠራዋለሁ። ከውስጥ ደግሞ ልስኑን እስከ ብሎኬቱ እፍቀዋለሁ፤ ከዚያ አልነካውም። ጄሶ የለ፣ ቀለም የለ። ራቁቱን ይቆያል። ዝናቡ አብቅቶ እስኪደርቅ አራት ወር። አስቀያሚ ይሆናል። አቧራ ይሆናል። አንቺ እስከዚያ እዚህ አትገቢም።»

ሰማያዊው ሥራውን ሠራ። አየር ገባ። ከአየሩ ጋር ክርክሬም ተመለሰ፤ እንደ ውሻ፣ ጭራውን እየቆላ። ሊሾውን ሙሉ በሙሉ መፈንቀል ለምን? ከግድግዳው በኩል አንድ ሜትር ቢቆረጥ አይበቃም? ጽጌረዳዎቹን በባልዲ ማዛወር ይቻላል። አራት ወር ከየት መጣ? ሙቀት ቢጨመር የትነት ፍጥነት ይጨምራል፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ደግሞ በሩን በፕላስቲክ ዘግቶ ፊተኛው ክፍል መተኛት ይቻላል። አራት ወር የክር መደርደሪያ እያየሁ? አራት ወር የገመድ ዝላይ እየሰማሁ?

«ፊተኛው ክፍል…» አልኩ።

«አይሆንም» አለ ጄሶ።

ቃሉ ለሁለታችንም እንግዳ ነበር። እሱም ራሱ ደነገጠ፤ የለመደውን ዶፍ የሚጠብቅ ሰው ትከሻ ሆነ ትከሻው። ውጭ ውሃው በሊሾው ላይ ሲሮጥ ይሰማል። ወደ ግድግዳችን እየሄደ ነው። አሁን ብከራከር አሸንፋለሁ። በዚህ ከስሜ በላይ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ሜትር ይቆረጣል፣ ፕላስቲክ ይሰቀላል፣ እኔም ዛሬ ቤቴ አድራለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጨው ይኖራል። እኔ እንደምኖር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«እሺ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩ።»

«እያሾፍሽብኝ ነው?»

«ሰውዬ፣ ሦስተኛ ጊዜ አታስብለኝ፤ ጉሮሮዬን ያመኛል።»

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ መቀመጡ ሳይሆን መውደቁ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ቦርሳዬን ራሴ አዘጋጀሁ። ጄሶ ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ፤ አልከለከልኩትም።

እህቴ በሩን ስትከፍት ቦርሳዬን አየች፣ ፊቴን አየች። «ስንት ቀን ነው አሁን?» አለች።

«አራት ወር።»

«አራት ወር!» መደርደሪያዋን ዞር ብላ አየች። «እትዬ፣ እንግዲህ እንዋዋል። ክር አይነካም።»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት፤ መራራ ነው፤ እስካሁን እንዴት ሰዎች ይህን በየቀኑ እንደሚውጡት አላውቅም። በየቀኑ ጠዋት እነሣለሁ፣ እነፋለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንከራተታለሁ። በእግሬ ሁለት ጊዜ ሰፈሬ ድረስ ሄጄ፣ የመዶሻውን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሰምቼ፣ ሳልገባ ተመልሻለሁ። መግባት አልነበረብኝም። ገብቼ መዶሻው እንዴት እንደሚያዝ መንገሬ አይቀርም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጄሶ ደወለ።

«ሊሾውን ፈነቀልኩት» አለ። «መሠረቱ ድረስ ጭቃ ነው። አንድ ዓመት ቢቆይ ኖሮ…» አቆመ። «ትንፋሽሽስ?»

«ደህና ነው።»

«ቡናማውን?»

«ጠዋትና ማታ። በእህቴ ወታደራዊ ቁጥጥር ሥር ነኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ ነበር። ግን እንዳትቆጪ።»

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አልቆጣም ብዬ ቃል እገባልሃለሁ?»

«በቃ ተይው።»

ሰማሁት። ያንን «ተይው» ዕድሜዬን በሙሉ ስሰማው ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ሰማሁት። ማሸነፌ ይመስለኝ ነበር እኮ፤ አንድ ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ሲዘጋ።

«አልተውም። ንገረኝ።»

«የወጥ ቤቱ መስኮት» አለ። «ያስዘጋሽኝ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ጣሪያውን እያበሰበሰው ነው። ያኔ አላልኩሽም። አሁን ግን ልከፍተው ነው።»

መስኮቱን ያስዘጋሁት በምክንያት ነው። የመንገዱ አቧራ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የምድጃው እሳት በነፋስ መጥፋቱ፤ አምስት ምክንያት ነበረኝ፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ዛሬም ጥሩ ናቸው። የተነቀለው የመስኮቱ ፍሬም የት እንደተቀመጠ እንኳ አውቃለሁ።

«ክፈተው» አልኩ።

መስመሩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«ሌላም አለ» አለ ጄሶ።

«ስንት ነው?»

በስልኩ ማዶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ይታየኛል። እህቴ ማሽኗን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ቆሜ ነበር፣ በአንድ እጄ የማሽኗን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዤ፣ ገና ላልሰማሁት ነገር መልሶቼ ምላሴ ሥር ተሰልፈው እየተጋፉ።

«ቁጥሩን ተወው» አልኩት። «ከፈለግህበት ጀምር።»